ልብሱን ሳይዳስስ የሚገዛው ደንበኛ

እሑድ በሚቆመው በሰንበቴ ገበያ ያገለገለ ልብስ የሚገዛ ሰው ኮቱን ወደ ፀሐይ አንሥቶ ያያል፤ ብብቱን ይገለብጣል፤ የአንገትጌውን ጠርዝ በጣቱ ያሻል፤ ቁልፎቹን ይቆጥራል፤ ስለ ዋጋ የሚናገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ በሚገናኙበት በዚህ ገበያ ቋንቋው ቢለያይም የመዳሰሱ ሥርዓት አንድ ነው። ክርክሩ የቱንም ያህል ቢከር ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ተመልሶ «አታለልኸኝ» የሚል ገዢ ጥቂት ነው፤ የገዛው በዓይኑ አይቶ በእጁ ዳስሶ ነውና።

ይሁን እንጂ ዛሬ የይፋት ቆላ ነጋዴ ልብሱን በቴሌግራምና በፌስቡክ ማቅረቡ አለምክንያት አይደለም። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ስለሆነች፣ የሱፍ ካፖርት የሚለብስባት ሰው ከቁጥር አይገባም። ዳገቱን ወጥቶ ደብረ ሲናን፣ ከዚያም የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ደብረ ብርሃን ለሚደርስ መንገደኛ ግን ካፖርት የዘወትር ልብስ ነው። ስለዚህ በቆላው ሱቅ አቧራ የሚጠጣ ልብስ ፎቶግራፉ በስልክ ሲወጣ ከደጋው ገዢ ያገኛል።

ታዲያ የደጋው ገዢ እጁን ወደ ሸዋ ሮቢት መዘርጋት አይችልም። በሰንበቴ በጣቱ ይጠይቅ የነበረውን አሁን በቃል ይጠይቃል፤ ዐሥር ጊዜ ይጽፋል፤ ገበሩን፣ ዚፑን፣ የእጅጌውን ርዝመት አሳየኝ ይላል። ብዙ ባለሱቆች እንዲህ ያለውን ሰው «አስቸጋሪ» ብለው መልስ ይነፍጉታል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። አስቀድሞ ብዙ የሚጠይቅ ገዢ ከገዛ በኋላ የሚከራከርበት ነገር ጥቂት ነው፤ ይልቅስ ሊያሠጋ የሚገባው ምንም ሳይጠይቅ «ላክልኝ» የሚለው ነው።

ስለሆነም የገዢው እጅ ይሠራው የነበረውን ሥራ ሻጩ ራሱ መሥራት ይኖርበታል። ፎቶግራፉ በቀን ብርሃን ይነሣ፤ ከሁሉ አስቀድሞ እንከኑ ይታይ፤ የእድፉ፣ የተጣፈው ክርን፣ የጎደለው ቁልፍ በቅርብ ይነሣና ከሥሩ በግልጽ ይጻፍ። በልብሱ ላይ ያለውን የቁጥር ምልክት ብቻ መጥቀስ አይበቃም፤ የእንግሊዝ፣ የአሜሪካና የአውሮፓ ቁጥሮች አይመሳሰሉም፣ ሱፍም በአጠባ ይኮማተራል። ደረቱን፣ ትከሻውንና ቁመቱን በሜትር ለክቶ በሳንቲም መጻፍ የ5 ደቂቃ ሥራ ነው።

ይህ ጽሑፍ በሕግም ፊት ዋጋ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢው ዕቃውን በተቻለው ፍጥነት እንዲመረምርና ጉድለት ቢያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ሲዋዋል ያወቀውን ጉድለት አንሥቶ ሻጩን ተጠያቂ ማድረግ አይችልም። በአንጻሩ ሻጩ ጉድለቱን በተንኰል ሸሽጎ እንደሆነ «ተጠያቂ አይደለሁም» ብሎ ያስገባው ውል አያድነውም። እንግዲህ እንከኑን ጽፎ የሸጠ ነጋዴ መልእክቱን ሳያጠፋ ቢያስቀምጥ ማስረጃው በእጁ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ክርክር አይጠፋም። ካፖርቱ ደብረ ብርሃን ደርሶ ገዢው «እንዳልከው አይደለም» ቢል፣ ሻጩ ቍጣውን ውጦ «ወንድሜ፣ አይተው ያላማረዎትን ቦታ ዛሬውኑ ፎቶግራፍ አንሥተው ይላኩልኝ» ብሎ ይጻፍለት። እውነተኛ ቅሬታ ያለው ሰው ወዲያው ይልካል። ጉድለቱ ሳይጻፍ የቀረ ከሆነ የመመለሻውን የጭነት ዋጋ ሻጩ መቻል አለበት፤ ተጽፎ ከነበረና ገዢው ሐሳቡን ብቻ ለውጦ ከሆነ ግን ገዢው ይቻል። ይህም ልብሱ ከመኪና ላይ ከመጫኑ በፊት መነገር ያለበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በሊቱዌንያ የተቋቋመው ቪንትድ የተባለው የአሮጌ ልብስ መገበያያ የገዢውን ገንዘብ ይዞ ቆይቶ፣ ዕቃው ከደረሰ በኋላ ለቅሬታ 2 ቀን ይሰጣል። በይፋትም ሁለቱ ወገኖች የሚያምኑት አንድ የደብረ ብርሃን ባለሱቅ ገንዘቡን ቢይዝ ያንኑ ጥቅም ይሰጣል።

ከሁሉ የከፋው ልብሱን ከተረከበ በኋላ «ግማሹን ገንዘብ መልስ፣ አለዚያ ስምህን በአደባባይ አጠፋለሁ» የሚለው ነው። ለዚህ ሰው የሚገባው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ ልብሱን ይመልስ፣ ገንዘቡ ይመለስለታል። ቅናሽ ከተሰጠው ወሬው በሌሎች ዘንድ ተሰምቶ ዋጋ ማስቀነሻ ይሆናል። ይሁንና እንዲህ ጸንቶ መልስ መስጠት የሚችለው ዕቃው ንጹሕ የሆነ ነጋዴ ነው። ያገለገለ ልብስን ለንግድ ከውጭ አገር ማስገባት የተከለከለ ስለሆነ፣ በኮንትሮባንድ የገባ ቦንዳ የሚሸጥ ሰው «ለጉምሩክ እጠቁማለሁ» በሚል አንድ ቃል አፉ ይዘጋል። ከልዋጭና ከየቤቱ የተሰበሰበ የአገር ውስጥ ልብስ የሚሸጠው ይህ ሥጋት የለበትም።

ስለ ክፍያም አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የሐሰት የክፍያ መልእክት ሠርቶ የሚልክ አታላይ አልጠፋም፤ ስለዚህ ገዢው የላከውን ምስል ሳይሆን የራስን ሒሳብ ከፍቶ አይቶ ነው ዕቃውን ለሹፌሩ መስጠት። በሌላ በኩል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚያውቅ ነጋዴ፣ ዕቃው የሚደርስበትን ቀን ቆርጦ ቃል አይገባም፤ የገዢውን የስልክ ቍጥርም በደብተር ይጽፋል፣ መንገድ ሲዘጋ በተራ ስልክ ደውሎ የሚነግረው እንዲያገኝ።