ራስ ምታት ሁሉ ምች አይደለም

በማንኩሳም ሆነ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በዙሪያው ገጠር፣ ሰው ራሱን ሲያመው አስቀድሞ የሚታሰበው ምች ነው። ዳማከሴ ይጨመቅለታል፤ ተከናንቦ ይተኛል፤ ብዙ ጊዜም ይሻለዋል። ነገር ግን ሕመሙ ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲተካ የማይለቅ፣ ትኩሳትና ትውከት የሚከተለው፣ ዓይንንም የሚያደበዝዝ ከሆነ፣ በተለይም ኤች.አይ.ቪ. በደሙ ባለበት ሰው ላይ፣ ክሪፕቶኮከስ በሚባል ፈንገስ የሚመጣው ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል።

ይህ ፈንገስ በአፈርና በርግብ ኵስ ውስጥ ይኖራል፤ ከአቧራ ጋር በትንፋሽ ወደ ሳንባ ይገባል። ጤነኛ ሰውነት ብዙ ጊዜ ያሸንፈዋል፤ የመከላከል ኀይሉ የደከመበት ሰው ግን ይሸነፍለታል። በምድር ላይ ስንት ዓይነት ፈንገስ ሳለ ይህኛው ስለ ምን ይገድላል ቢሉ፣ መልሱ በትጥቁ ነው።

መጀመሪያ፣ ብዙዎቹ ፈንገሶች የሰውን ገላ ሙቀት መቋቋም ሲሳናቸው፣ እርሱ በ37 ዲግሪ ይራባል። ሁለተኛ፣ ከስኳር ወገን በሆነ ወፍራም ሽፋን ይጠቀለላል። ከሽፋኑ የሚረግፈው ዝልግልግ ነገር በአንጎል ዙሪያ ያለውን ውሃ መውጫ ሲያሳጣው፣ በራስ ቅል ውስጥ ግፊት ይበረታል፤ ዓይንም ሕይወትም የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ሦስተኛ፣ ላኬዝ በሚባል ኢንዛይም ጥቁር ቀለም ሠርቶ ከሰውነት መከላከያ ይጠበቅበታል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ከሕሙማን የተወሰዱትን የፈንገሱን ዘሮች አነጻጽሮ፣ ላኬዙ የበረታው ዘር ሕክምና ከተጀመረ በኋላም ከአንጎል ውሃ ቶሎ እንደማይጠራ አሳየ። በመከላከያ ሕዋሳት በቀላሉ የሚዋጠውም ዘር በአንጎል ውሃ ውስጥ በብዛት ተገኘ። መዋጥ ለጠላት ሞት መሆን ሲገባው፣ ለዚህ ፈንገስ መሸሸጊያ ይሆነዋል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ትጥቁ ራሱ ያጋልጠዋል። የሚረግፈው ሽፋን በደም ውስጥ ስለሚገኝ፣ ራስ ምታቱ ሳይጀምር ከሳምንታት በፊት እንኳ በደም ጠብታ ይታወቃል። የዓለም የጤና ድርጅትም የሲዲ4 ቁጥሩ ከ100 በታች የሆነ የቫይረሱ ተሸካሚ ሁሉ ይህን ምርመራ እንዲያደርግ ይመክራል። ለታመመውም አምፎተሪሲን፣ ፍሉሳይቶሲንና ፍሉኮናዞል የተባሉ መድኃኒቶች አሉ። ከወገብ በመርፌ ውሃ መቅዳትንም ብዙ ሰው ይፈራዋል፤ ዳሩ ግን ግፊቱን አቃሎ ነፍስ የሚያድነው እርሱ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፤ ፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በአገራችን በነጻ መታደል ከጀመረ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ፣ ሳያቋርጡ መውሰድ ከሁሉ የበለጠ ጋሻ ነው። ዳማከሴውም ጸበሉም ወደ ሐኪም ቤት ከመሄድ አያዘግይ።