«83 እጥፍ» ስንት ነው? ለጀመዓችን ካሜራ ከመግዛታችን በፊት

ውድ እህትና ወንድሞች፣ እንደምታውቁት ጀመዓችን ለሚዲያ ክፍሉ አንድ ዲጂታል ካሜራ ለመግዛት መዋጮ እያሰባሰበ ነው። ገንዘቡ ከተማሪ ኪስ የሚወጣ ነው። ከሰንዳፋ፣ ከሱሉልታ፣ ከቡራዩና ከሰበታ የምንመላለሰው ደግሞ ከታክሲ ብራችን ላይ ቀንሰን የምናዋጣው ነው። አማና ስለሆነ አንድ ጊዜ ተገዝቶ ለዓመታት የሚያገለግል ዕቃ ሊገዛበት ይገባል።

ሰሞኑን ስለ ካሜራው ሲወራ ደጋግሞ የሚነሳው ጥያቄ «ዙሙ ስንት ነው?» የሚል ነው። አንዱ 50 እጥፍ ያለው ይበቃል ይላል፣ ሌላው 83 እጥፍ ካልሆነ ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ «የኔ ስልክ እንኳ 100 እጥፍ ያቀርባል» ይላል። በዚህ ጽሑፍ ቁጥሩ የሚነግረንንና የማይነግረንን ለይተን፣ ለኛ ሥራ ስንት እንደሚበቃ አስልተን፣ ሱቅ ስንሄድ ምን መፈተሽ እንዳለብን በቅደም ተከተል እናያለን፣ ኢንሻአላህ።

ኦፕቲካል ዙምና ዲጂታል ዙም

ኦፕቲካል ዙም ማለት በሌንሱ ውስጥ ያሉት መስታወቶች ቦታቸውን እየቀያየሩ የሩቁን ነገር አግዝፈው ሴንሰሩ ላይ ሲጥሉት ነው። የምስሉ ዝርዝር አይቀንስም፤ ባለ 16 ሜጋፒክስል ካሜራ ቢያቀርብም ቢያርቅም 16 ሜጋፒክስሉን ሙሉ በሙሉ ይጠቀማል።

ዲጂታል ዙም ግን ምንም መስታወት አያንቀሳቅስም። የምስሉን መሃል ቆርጦ ይወስድና ይለጥጠዋል። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ 4 እጥፍ ዲጂታል ዙም ሲደረግ ስፋቱም ቁመቱም ለ4 ስለሚካፈል የሚቀረው 1/16ኛው ነው። ከ16 ሜጋፒክስል 1 ሜጋፒክስል ብቻ ይቀራል። 10 እጥፍ ከሆነ ደግሞ መቶኛው ብቻ ይቀራል። ይህን ካሜራው ባይሠራው እኛው ኮምፒውተር ላይ ቆርጠን ልንሠራው እንችላለን፤ ስለዚህ ለዲጂታል ዙም ብለን አንድ ብር መጨመር የለብንም።

የስልኮቹ «100 እጥፍ» አብዛኛው ክፍል ከዚህ ወገን ነው። ለምሳሌ ሳምሰንግ ኤስ23 አልትራ 100 እጥፍ ቢባልም በኦፕቲካል የሚደርሰው 10 እጥፍ ነው። ቀሪው ተቆርጦ በሶፍትዌር የሚስተካከል ነው። ሶፍትዌሩ ደግሞ አንዳንዴ ያላየውን ይጨምራል። በ2023 (እ.ኤ.አ.) የሳምሰንግ ስልኮች በሚያነሱት የጨረቃ ፎቶ ላይ ጥያቄ ሲነሳ፣ ካምፓኒው ራሱ ስልኩ ጨረቃን ለይቶ ሲያውቅ ዝርዝሯን በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ እንደሚያጎላ አስረድቷል።

ቁጥሩ የሚደብቀው ነገር

አሁን ወደ ኦፕቲካሉ ቁጥር እንምጣ። «83 እጥፍ» ማለት የሌንሱ ረጅሙ ፎካል ሌንግዝ ለአጭሩ ሲካፈል የሚገኝ ውጤት ብቻ ነው። ኒኮን ኩልፒክስ ፒ900 በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ልኬት ሲመነዘር ከ24 እስከ 2000 ሚሜ ይደርሳል፤ 2000 ለ24 ሲካፈል 83 ይሆናል። ነገር ግን ከ70 እስከ 300 ሚሜ የሆነ ሌንስ በዚህ አቆጣጠር «4 እጥፍ» ብቻ ሲሆን፣ ከ18 እስከ 140 የሆነው ደግሞ «8 እጥፍ» ሊባል ነው። በአንድ ካሜራ ላይ ሲገጠሙ ግን ሩቁን ይበልጥ የሚያቀርበው ባለ 4 እጥፉ ነው። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ «ስንት እጥፍ ነው?» ከማለት «እስከ ስንት ሚሊ ሜትር ይደርሳል?» ብለን እንጠይቅ።

ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚያስፈልገን ለማወቅ ደግሞ አንድ ቀመር ይበቃናል። የ35 ሚሜ ፊልም ስፋቱ 36 ሚሜ ስለሆነ፦

የሚያስፈልገው ርዝመት = 36 × ርቀቱ ÷ በፎቶው ውስጥ እንዲገባ የምንፈልገው ስፋት

ይህን በራሳችን ሥራ ላይ እንሞክረው።

በአዳራሽ ሙሓደራ ሲደረግ ካሜራ የያዘው ልጅ ከኡስታዙ 15 ሜትር ርቆ ቆሟል እንበል። ኡስታዙን ከነማይክራፎኑ በ2 ሜትር ስፋት ለማንሳት 36 × 15 ÷ 2 = 270 ሚሜ ያስፈልገዋል።

በምረቃ ቀን ከመድረኩ 40 ሜትር ርቀን፣ ተመራቂዋንና ዲፕሎማ የሚሰጧትን ሰው በ3 ሜትር ስፋት ለማንሳት 480 ሚሜ ያስፈልገናል።

የዒድ ሶላት ላይ የምዕመኑን ብዛት ለማሳየት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሰፊ ቦታ የሚያስገባ፣ 24 ሚሜ ወይም ከዚያ ያነሰ ይፈለጋል።

ከሰንዳፋ ወጣ ብለን ሪህላ ስናደርግ 50 ሜትር ርቆ የቆመን ወፍ በ1 ሜትር ስፋት ለማንሳት 1800 ሚሜ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ከወፉ በስተቀር የጀመዓው ሥራ በሙሉ ከ500 ሚሜ በታች ያልቃል። 83 እጥፉም ሆነ 125 እጥፉ የሚያስፈልገው ለወፍና ለጨረቃ ነው።

ከርቀቱ በኋላ ብርሃኑ

ካሜራ የሚሠራው በብርሃን ነው። በ965 (እ.ኤ.አ.) በበስራ የተወለደው ኢብኑል ሀይሠም «ኪታቡል መናዚር» በተባለው መጽሐፉ፣ የምናየው ከዓይናችን ጨረር ወጥቶ ሳይሆን ብርሃን ከዕቃው ተነስቶ ወደ ዓይናችን ገብቶ መሆኑን አብራርቷል። በጨለማ ክፍል ግድግዳ ላይ በተበጀ ቀዳዳ የሚገባውን ብርሃንም አጥንቷል። ዛሬም ጥያቄው ያው ነው፤ በቀዳዳው ስንት ብርሃን ገባ? የተቀበለውስ ገጽ ምን ያህል ሰፊ ነው?

የቀዳዳው ስፋት ሌንሱ ላይ «ኤፍ» ተብሎ በሚጻፈው ቁጥር ይታወቃል። ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ይበዛል። ፒ900 በሰፊው ሲያነሳ ኤፍ 2.8 ሲሆን፣ 2000 ሚሜ ላይ ሲደርስ ኤፍ 6.5 ይሆናል። ይህ ማለት የሚገባው ብርሃን ከ5 እጥፍ በላይ ይቀንሳል ማለት ነው።

ተቀባዩ ገጽ ሴንሰሩ ነው። እነዚህ ከ50 እጥፍ በላይ ዙም ያላቸው ካሜራዎች ሌንሳቸው ትንሽ ሆኖ ሩቅ ሊያይ የቻለው ሴንሰራቸው ትንሽ ስለሆነ ነው፤ 6.2 በ4.6 ሚሜ ያህል ነው፣ ከጣት ጥፍር ያንሳል። «1 ኢንች» የሚባለው ሴንሰር 13.2 በ8.8 ሚሜ ሲሆን በቆዳ ስፋት ከዚህ 4 እጥፍ ይበልጣል። ሌንሳቸው የሚቀያየር የካኖን ተማሪ ተኮር ካሜራዎች ሴንሰር ደግሞ ወደ 12 እጥፍ ይበልጣል።

ለኛ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛው ፕሮግራማችን የሚካሄደው ከመግሪብ በኋላ፣ ደብዛዛ አምፖል ባለበት አዳራሽ ነው። በትንሽ ሴንሰር ኡስታዙን በ270 ሚሜ ብናነሳው ወይ እጁ ሲንቀሳቀስ ይደበዝዛል፣ ወይ ምስሉ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ፍላሽ ደግሞ 15 ሜትር ላይ ብዙ አይጠቅምም፤ ሙሓደራውንም ይረብሻል።

ታዲያ የትኛውን?

ሦስት መንገድ አለን።

አንደኛው ረጅም ዙም ያለው ባለ አንድ ሌንስ ካሜራ ነው። ኒኮን ፒ900፣ እስከ 3000 ሚሜ የሚደርሰው ፒ1000፣ እስከ 1365 ሚሜ የሚደርሰው ካኖን ፓወርሾት ኤስኤክስ70 ከዚህ ወገን ናቸው። በቀን ብርሃን ከሜዳ ላይ ጥሩ ናቸው፣ በማታ አዳራሽ ደካማ ናቸው። ፒ1000 ክብደቱ ከ1.4 ኪሎ ግራም እንደማያንስም እናስታውስ።

ሁለተኛው ባለ 1 ኢንች ሴንሰር ካሜራ ነው። ፓናሶኒክ ሉሚክስ ኤፍዜድ1000 ከ25 እስከ 400 ሚሜ፣ በኤፍ 2.8 እስከ 4 ይሠራል፤ «16 እጥፍ» ብቻ ነው። ሶኒ አርኤክስ10 ማርክ 4 እስከ 600 ሚሜ ይደርሳል፣ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው።

ሦስተኛው ያገለገለ፣ ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ ነው። የካኖን 55–250 ሚሜ ሌንስ በ35 ሚሜ ልኬት 400 ሚሜ ይሆንልናል። ከዚህ ላይ 50 ሚሜ ኤፍ 1.8 ሌንስ ቢጨመር፣ ከኤፍ 5.6 ጋር ሲነጻጸር ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ስለሚያስገባ ቀረብ ብለን ለምናነሳው የማታ ፕሮግራም ይጠቅመናል። አንዱ ዕቃ ቢበላሽ ሌላው አብሮ አይጣልም።

የኛ ሐሳብ ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን መምረጥ ነው። ምረቃው ላይ 480 ሚሜ ቢያስፈልግና 400 ቢኖረን ጥቂት ወደፊት መጠጋት ወይም ትንሽ መቁረጥ ይበቃል። በአዳራሽ የጎደለን ብርሃን ግን በመጠጋት አናካክሰውም።

ስለ ሂላል

«የረመዷንን ጨረቃ ከሰንዳፋ ሜዳ እናንሳበት» ያሉ ወንድሞች አሉ። ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ነገሩን ግን በልኩ እንያዘው። ጨረቃ በሰማይ ላይ የምትይዘው ግማሽ ዲግሪ ያህል ነው፤ በ2000 ሚሜ የፎቶውን ቁመት ሦስት አራተኛ ትሞላለች፣ በ400 ሚሜ ግን ስድስተኛውን ያህል ብቻ ትይዛለች። ሙሉ ጨረቃን ለማንሳት ረጅም ዙም በእርግጥ ያምራል። የመጀመሪያዋ ሌሊት ሂላል ችግሯ ግን ማነሷ ሳይሆን ከምሽቱ ወጋገን ጋር መመሳሰሏ ነው። ዙም ጨረቃዋንም ወጋገኑንም እኩል ነው የሚያቀርበው። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ አንድሬ ዳንዦን ጨረቃ ከፀሐይ 7 ዲግሪ ያህል ካልራቀች ማጭዷ እንደማይታይ አስልቶ ነበር። ወሩ ገባ አልገባ የሚለውም የኡለማዎቻችን ጉዳይ ነው። አንድ ማሳሰቢያ፦ ፀሐይ ሳትጠልቅ በዙም ወደ ምዕራብ ማነጣጠር ሴንሰርን፣ በመስታወት በቀጥታ የሚታይበት ካሜራ ከሆነም ዓይንን ይጎዳል።

ሰንዳፋ ከባህር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ግድም ላይ ያለ ሜዳማ አገር ስለሆነ ሩቅ ለማየት ይመቻል። ነገር ግን እኩለ ቀን ላይ መሬቱ ሲሞቅ አየሩ ይንቀጠቀጣል፤ የትኛውም ዙም ያን አያጠራውም። ለሩቅ ፎቶ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ይሻላል።

ሱቅ ስንሄድ

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ ስለተለወጠ፣ ያለፈ ዋጋ ይዘን አንሟገት። መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ ቢያንስ ሦስት ሱቅ እንጠይቅ። ያገለገለ ከሆነ ገንዘብ ሳንከፍል እነዚህን እንፈትሽ፦

1. ካሜራውን አብርተን ዙሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ጊዜ እናመላልሰው። ከተንገጫገጨ ወይም መሃል ላይ ከያዘው ይቅርብን።

2. በስልክ ባትሪ ወደ ሌንሱ ውስጥ እናብራ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው፤ አንግዛ።

3. ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ እናንሳ። በየፎቶው እዚያው ቦታ ላይ የሚታይ ጥቁር ነጥብ ካለ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ ማለት ነው።

4. ከሱቁ በር ላይ ሆነን የሩቅ ታፔላ በአጭሩ፣ በመሃሉና በረጅሙ ዙም እናንሳ። ዲጂታል ዙሙን አስቀድመን እናጥፋ። ጽሑፉ መሃልም ዳርም መነበብ አለበት።

5. ሱቁ ውስጥ ጨለም ያለ ጥግ ላይ የቆመ ጓደኛችንን እናንሳ። ካሜራው የሚሠራልን በዚህ ዓይነት ብርሃን ስለሆነ ይህን ፈተና አንዝለለው።

6. ባትሪውንና ቻርጀሩን እንሞክር። ሚሞሪ ካርዱን እስኪሞላ ጭነንበት ፋይሎቹ መልሰው መከፈታቸውን እንይ፤ በላዩ የተጻፈው መጠን የሌለው ካርድ ገበያ ላይ አለ።

7. የካሜራውን ተከታታይ ቁጥር ደረሰኙ ላይ እናስጽፍ። የተሰረቀ ዕቃ በርካሽ መግዛት ሐላል ገንዘባችንን ማበላሸት ነው።

ከተገዛ በኋላ

ግዢውን ቢያንስ ሦስት ሰው አብሮ ይፈጽመው፤ ከእህቶች ክፍልም አንዷ ትኑርበት። ደረሰኙ ለሒሳብ ክፍል ይሰጥ፤ ካሜራው ማን እጅ እንዳለ የሚመዘገብበት ደብተር ይኑር። በበጋ አቧራ ወቅት፣ በተለይ በገጠር መንገድ ስንሄድ፣ ተንሸራቶ የሚወጣ ሌንስ አቧራ ስለሚስብ ከቦርሳ የሚወጣው በሥራ ሰዓት ብቻ ይሁን።

ሌላም አደራ አለ። በስልክ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ቀርቦ ስለሚያነሳ ተነሺው ያየዋል፤ አልፈልግም ማለትም ይችላል። 400 ሚሜ ሌንስ የያዘ ግን ከ30 ሜትር ላይ ሆኖ ሰውየው ሳያውቅ ፊቱን ማንሳት ይችላል። እህቶች በራሳቸው መስመር ተቀምጠው፣ አንዱ በዱዓ ሰዓት እያለቀሰ፣ ሌላው የኢፍጣር ምግብ ለመቀበል ተሰልፎ ሊሆን ይችላል። የሰውን ገመና መከታተል የተከለከለ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ሚዲያ ክፍሉ ፎቶ የሚነሳበትን ቦታ አስቀድሞ ያስታውቅ፣ የአንድን ሰው ፊት ለይቶ ከማውጣቱ በፊት ባለቤቱን ያስፈቅድ፣ ይጥፋልኝ የተባለ ፎቶ ወዲያው ይጥፋ።

በዚህ ጉዳይ የተለየ ልምድ ወይም ሐሳብ ያላችሁ፣ በተለይ ያገለገለ ካሜራ ገዝታችሁ የምታውቁ፣ ግዢው ከመፈጸሙ በፊት ለሚዲያ ክፍሉ ብትነግሩን ደስ ይለናል። አላህ ባዋጣችሁት ላይ በረካ ያድርግበት።