«850 ከየት መጣ?»

ጎረቤቴ ቤት ሲያሠራ አንድ የቀን ሠራተኛ የመሠረቱን ማዕዘን ሲያወጣ ቆሜ አየሁት። ከችካሉ ተነሥቶ በአንደኛው ሲባጎ ላይ 60 ሳንቲ ሜትር፣ በሌላኛው ላይ 80 ለክቶ ምልክት አደረገ። ከዚያ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ሜትሩን ዘርግቶ ልክ 100 እስኪመጣለት ድረስ ሲባጎውን ወዲያ ወዲህ እያለ አስተካከለ። 12ኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ ነው፤ ነጥብ አልመጣለትም። «ፓይታጎራስን ተምረህ የለም እንዴ?» አልኩት። «ተምሬያለሁ ጋሼ» አለና ቀመሩን በእንግሊዝኛ አንድም ሳያጎድል አነበነበልኝ። «ይሄ ግን እሱ አይደለም። ይሄ የፎርማኑ ነው።»

60 በራሱ ሲባዛ 3,600፣ 80 በራሱ ሲባዛ 6,400፤ ድምራቸው 10,000፣ ማለትም 100 በራሱ ተባዝቶ። ልጁ ቀመሩንም ሥራውንም አሳምሮ ያውቃል። ሁለቱ አንድ መሆናቸውን የነገረው ግን የለም። ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ የሒሳብ መምህራንን ማነጋገር ጀመርኩ።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ለአንባቢ አዲስ አይደለም። ከ2014 እስከ 2017 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በቅደም ተከተል 3.3፣ 3.2፣ 5.4 እና 8.4 በመቶ ነበሩ። ይህ የሁሉም ትምህርት ድምር ስለሆነ ሒሳብን ለብቻው አያሳይም። ስለ ሒሳብ ይበልጥ የሚናገረው መማሪያ መጽሐፉ ነው። በቀድሞው ሥርዓተ ትምህርት የ12ኛ ክፍል መጽሐፍ ስለ ንግድና ስለ ሸማች ስሌት የሚያስተምረው ምዕራፍ 9ኛው፣ የመጨረሻው ነበር፤ ያውም ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ብቻ። «ሰኔ ላይ የሚደረስበት ምዕራፍ ነው» አለኝ በአዲስ አበባ ዳርቻ በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለረጅም ዓመታት ያስተማረ መምህር። «ሰኔ ላይ ደግሞ ክፍል ውስጥ ማንም የለም።»

ይህ ሰው ስሙ እንዲጻፍ አልፈለገም። ክፍሉ ገብቼ ያየሁት ግን መጻፍ አለበት። ሰሌዳው ላይ 9,000 ብር የሚል ደመወዝ ጻፈ፤ ከጎኑ በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለውን የደመወዝ ግብር ሠንጠረዥ። እስከ 2,000 ብር ግብር የለም፤ ከዚያ እስከ 4,000 ላለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ላለው 20፣ እስከ 10,000 ላለው 25። ተማሪዎቹ በየእርከኑ አስልተው 300፣ 600 እና 500፣ በድምሩ 1,400 ብር አገኙ። «የሒሳብ ሹሞች ግን እንዲህ አይለፉም» አለ። «9,000ን በ25 በመቶ ያባዙና 850 ይቀንሳሉ፤ ያው 1,400 ይመጣል። 850 ከየት መጣ?» ብሎ ጠመኔውን አስቀምጦ ቁጭ አለ።

ክፍሉ ተንጫጫ። አንዱ ልጅ 7,000 ብር ላይ እንሞክረው አለ። በ20 በመቶው እርከን፣ የዚያ ተቀናሽ 500 ስለሆነ፣ ግብሩ 900 ብር ነው። በ25 በመቶው ደግሞ 1,750 ሲቀነስ 850፣ ያው 900። ሁለቱ መስመሮች እዚያች ነጥብ ላይ ይጋጠማሉ፤ 850 የተመረጠው እንዲጋጠሙ ነው። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «እናቴ ደመወዝ ሲጨመርልኝ ወደ ላይኛው እርከን ገብቼ እጄ ላይ የሚደርሰው ይቀንሳል ብላ ትፈራለች። ሊሆን ይችላል ቲቸር?» ብላ ጠየቀች። ግራፉን ራሷ ሣለችው። አይሆንም፤ የሚጨምረው መቶኛ የሚነካው ከእርከኑ መነሻ በላይ ያለውን ብር ብቻ ነው። መጽሐፉ «ኮንቲኒዩቲ» እያለ በሊሚት የሚያስተምረው ይህንኑ የመስመሮቹን መጋጠም ነው። «ትርጉሙን ለብዙ ዓመት አስጽፌያለሁ» አለኝ መምህሩ ቆይቶ። «ለምን ብሎ የጠየቀኝ ግን የደመወዝ ሠንጠረዥ ካመጣሁ በኋላ ነው።»

ሒሳብ ከኑሮ ጋር የተያያዘበት ልማድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያኑን የጾምና የበዓል ማውጫ፣ ባሕረ ሐሳብን፣ ማየት ይበቃል። የ2018 ዓ.ም. ጾምና በዓል ሲወጣ 5,500 እና 2018 ተደምረው 7,518 ይሆናሉ። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ከዚያ ላይ አንድ ሲነሣ 12 ይቀራል፤ እሱ ወንበር ነው። 12 በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 12 አበቅቴ፣ 12 በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 18 መጥቅዕ። አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ 30 ይሞላሉ፣ ምክንያቱም 11 እና 19 ራሳቸው 30 ናቸውና። መጥቅዕ 18 ከ14 ስለሚበልጥ መስከረም 18 ላይ ይውላል፤ ዕለቱ እሑድ ስለሆነ የእሑድ ተውሳክ 7 ይጨመርና 25 ይመጣል። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ይገባል፣ ከዚያ 69 ቀን ቆጥሮ ፋሲካ ሚያዝያ 4። 19ኙ ዓመት ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ 19 የፀሐይ ዓመትና 235 የጨረቃ ወር ከሞላ ጎደል እኩል ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ «ሞዱላር አሪትሜቲክ» በሚል ርዕስ የሚሰጠውን ነገር አንድ የቆሎ ተማሪ በቃሉ ያሰላዋል። ሙስሊም ተማሪዎችም ዘካን 2.5 በመቶ ብለው ሲያወጡ፣ ውርስን በክፍልፋይ ሲደለድሉ ከቤታቸው ያዩታል። ይህን ሁሉ ይዞ የመጣ ልጅ ክፍል ሲገባ ሒሳብ አልችልም ማለቱ በጣም ያሳዝነኛል።

ለምን በየክፍሉ እንዲህ አይሆንም? ጉዳዩ የሚመለከታቸውን አንድ ኃላፊ ልጠይቅ ሄጄ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። ደብዳቤውን አስገባሁ፤ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ፤ ስልካቸውም ከዚያ ወዲህ አይነሣም። መምህሩ ግን መልስ አለው፣ የእኔም ግምት ከእሱ አይርቅም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከኑሮ የተወሰደ ጥያቄ ደግሞ በባሕርዩ ረጅም ንባብ አለው። «ወርድ ፕሮብሌም ስሰጥ ግማሹ ክፍል የሚወድቀው ሒሳቡ ላይ ሳይደርስ ነው። የግብሩን በአማርኛ ስላስረዳሁ ነው የገባቸው። ፈተናው ላይ ግን በአማርኛ የሚያስረዳቸው የለም።»

ሌላው ፈተናው ራሱ ነው። የምርጫ ጥያቄ እስከሆነ ድረስ ወላጅም ርዕሰ መምህርም የሚጠይቁት ስንት ያለፉ ዓመታት ወረቀት ተሠራ ብለው ነው። መምህሩ ዘንድሮ የግብሩን ትምህርት ለ12ኛ ክፍል አልሰጠም፤ ያን ክፍለ ጊዜ ለድሮ ፈተናዎች አውሎታል። ለ10ኛ ክፍል ቅዳሜ ጠዋት፣ ያለ ክፍያ፣ መምጣት ለሚፈልጉ ብቻ ያስተምራል።