ኮዱ ክፍት ነው፤ ቁልፉስ ማን ጋ ነው?

ባለፈው ክረምት የቢሮ ባልደረቦቼ ለአንድ ሳምንት ያህል አኩርፈውኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አንዲት ፋይል ጠፋችብኝ። ፎቶ ወይም ሪፖርት አይደለችም። ከጥቂት ኪሎባይት የማትበልጥ፣ ስልኮቻቸው ላይ የጫንኩላቸውን ፕሮግራም የፈረምኩባት ቁልፍ ናት። ነገሩን ለማስረዳት ትንሽ ወደኋላ ልመለስ።

ሥራችን የግንባታ ቁጥጥር ነው። ባልደረቦቼ ሳይት ላይ የሚያነሷቸው ፎቶዎች ማታ ቢሮ ኮምፒዩተር ላይ መገኘት አለባቸው። ቀድሞ በቻት እንላላክ ነበር፤ ፎቶው ተጨምቆ ስለሚደርስ ግን የግድግዳው ስንጥቅ በቅጡ አይታይም። ይህን ለመገላገል ሲንክቲንግ የተባለውን ፕሮግራም መረጥን። ያኮብ ቦርግ በ2013 ማብቂያ ላይ ይፋ ያደረገው ሲሆን (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። አንዱ መሣሪያ ላይ የገባ ፋይል ሌላውም ላይ እንዲገኝ ያደርጋል፤ መሐል ላይ ፋይልዎን የሚያስቀምጥ የኩባንያ ሰርቨር የለም። ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ዋይፋይ ላይ ካሉ ኢንተርኔት ራሱ አያስፈልግም። በጁን 2020 መጨረሻ አገር ምድሩ ኢንተርኔት አጥቶ ለሳምንታት ሲቆይ፣ የእኛ ፎቶዎች ከስልክ ወደ ኮምፒዩተር መተላለፋቸውን አላቆሙም።

ኮምፒዩተር ላይ ነገሩ ቀላል ነው፤ አውርዶ ማስነሳት ብቻ። ስልክ ግን ሌላ ዓለም ነው። የአንድሮይድ አፕሊኬሽን ኤፒኬ በሚባል ጥቅል ነው የሚመጣው። ጥቅሉ በመሠረቱ ዚፕ ፋይል ነው፤ ውስጡ ፕሮግራሙ፣ የሚጠይቃቸው ፈቃዶች ዝርዝርና የአዘጋጁ ፊርማ አለ። ሲንክቲንግ የተጻፈው ጎ በተባለው ቋንቋ ነው፤ የአንድሮይድ አፕሊኬሽኖች በአብዛኛው በጃቫ ወይም በኮትሊን ይጻፋሉ። ስለዚህ የሚጠቀልለው ሰው ዋናውን ሞተር በሆዱ ይዞ የሚያስነሳና የሚያሳርፍ ሌላ ፕሮግራም መሥራት አለበት።

ይህ ሥራ ደግሞ አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ አይደለም። በ2015 የወጣው አንድሮይድ 6 ስልኩ ሳይነካ ሲቆይ ከበስተጀርባ የሚሠሩትን ማስተኛት ጀመረ። በ2019 አንድሮይድ 10 አንድ አፕሊኬሽን መጻፍ በሚችልበት ፎልደር ያለ ፕሮግራምን እንዳያስነሳ ከለከለ፤ ማለፊያው ሞተሩን «ሊብሲንክቲንግ» ብሎ እንደ ተራ ላይብረሪ ከጥቅሉ ጋር ማስገባት ነው። በ2020 አንድሮይድ 11 የስልኩን ፋይሎች በሙሉ ማየትን ልዩ ፈቃድ አደረገው። ይህን የሚፈልግ አፕሊኬሽን ጉግል ፕሌይ ላይ ለመውጣት ምክንያቱን አስረድቶ መጽደቅ አለበት። ክልከላው ከንቱ ነው አልልም። ግን ሥራው ፋይል ማመሳሰል የሆነ ፕሮግራም ፋይል አትይ ከተባለ ምን ሊሠራ ነው?

በኦክቶበር 2024 የአንድሮይዱን እትም የሚንከባከበው በጎ ፈቃደኛ በዲሴምበር እንደሚያቆም አስታወቀ። ጉግል ፕሌይ ላይ ማውጣት አዳጋች መሆኑንና ጥቅሉን በንቃት የሚጠግን አለመኖሩን በምክንያትነት ጠቀሰ። የቆመው መጠቅለያው እንጂ ሞተሩ አይደለም። ኮዱ ክፍት በመሆኑም ሌሎች የራሳቸውን ቅጂ ቀጠሉ። እኔም «ለቢሯችን ለምን ራሴ አልጠቀልልም?» አልኩ። ኮዱን አወረድኩ፣ ኮምፓይል አደረግኩ፣ ፈረምኩ፣ ስድስት ስልኮች ላይ ጫንኩ። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ።

አንድሮይድ አዲስ እትም ሲመጣለት «የፈረመው ያው የቀድሞው ቁልፍ ነው?» ብሎ ያጣራል። ካልሆነ አይጭንም። ጥሩ ሕግ ነው፤ ባይኖር ማንም በሲንክቲንግ ስም የራሱን ተንኮል ይልክልዎ ነበር። እኔ ታዲያ ቁልፉን ያስቀመጥኩት አንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። ሐምሌ ላይ ሃርድ ዲስኩ ሞተ። ለሰው ሁሉ «ፋይላችሁን ሁለት ቦታ አስቀምጡ» ስል የኖርኩ ሰውዬ!

የተጫነው እትም ወዲያው አልቆመም። ሁለት ስልኮች ወደ አዲስ አንድሮይድ ሲሸጋገሩ ግን መቆራረጥ አበዛ። ማስተካከያውን ሠራሁ፤ በምን ልፈርም? የቀረው አሮጌውን አጥፍቶ አዲሱን መጫን ነበር። አሮጌው ሲጠፋ የውስጥ መረጃው አብሮ ይጠፋል። ሲንክቲንግ ደግሞ መሣሪያን የሚያውቀው በስልክ ቁጥር ሳይሆን ከመሣሪያው ሰርተፊኬት በሚወጣ መታወቂያ ነው፤ 56 ፊደልና ቁጥር አለው። ሰርተፊኬቱ ያለው እዚያው የጠፋው መረጃ ውስጥ ነው። ስልኮቹ ለቢሮው ኮምፒዩተር ባዳ ሆኑ። ፎቶዎቹ በስልኩ የጋራ ፎልደር ስላሉ አልጠፉም፤ የትም አልሄዱም እንጂ። አዳማ የነበረች መሐንዲሳችን ዓርብ ማታ በስልክ እየመራኋት አዲሱን ጫነች፤ ቢሮ ተቀምጦ መታወቂያዋን የሚቀበል ግን እስከ ሰኞ አልነበረም። እሑድ ስልኳ ከአርማታው ላይ ወደቀ። መስታወቱ ረገፈ፣ ውስጡ ተረፈ። የኩርፊያው መነሻ ይኸው ነው።

እርስዎ ራስዎ ባይጠቀልሉም ነገሩ ይመለከትዎታል። በ2010 የተጀመረው ኤፍ-ድሮይድ አፕሊኬሽኖችን ከኮዳቸው ራሱ ገንብቶ ብዙውን ጊዜ በራሱ ቁልፍ ይፈርማል። ስለዚህ ከፕሌይ የወረደውን በኤፍ-ድሮይዱ ላድስ ቢሉ ያው እምቢታ ሊገጥምዎት ይችላል። አሮጌውን ከማጥፋትዎ በፊት የፕሮግራሙን ቅንብር ወደ ውጭ የሚያወጣውን ትእዛዝ ይጠቀሙ፤ መታወቂያውንም ይዞ ይወጣልና ፋይሉን ለማንም አይስጡ። ይህን ትእዛዝ እኔ ያየሁት አምስተኛውን ስልክ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

አዲሱ ቁልፍ አሁን በሁለት ፍላሽ ላይ ነው፤ አንዱ ቤቴ፣ ሌላው ከመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ጋር ካዝና ውስጥ። የይለፍ ቃሉን የሒሳብ ሹማችን በታሸገ ፖስታ ይዘውልኛል።