እንደ ሕፃን ትሑት መሆን

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ትሕትና ነው። ትሕትና ማለት ራስን ዝቅ አድርጎ ሌላውን ማክበር ነው።

ደቀ መዛሙርት በመንግሥተ ሰማያት ከሁሉ የሚበልጠው ማን እንደ ሆነ ጌታችንን ጠየቁት። ጌታችን ግን ንጉሥ ወይም ሊቅ አላሳያቸውም። አንድ ሕፃን ጠርቶ በመካከላቸው አቆመና እንደዚህ ሕፃን ራሱን ዝቅ የሚያደርግ ታላቅ እንደ ሆነ አስተማራቸው (ማቴ. 18፥1-4)።

ልጆች፥ ይህ ማለት ሕፃን አይኮራም፥ አይጣላም ማለት አይደለም። ነገር ግን ሕፃን የማያውቀውን ለመጠየቅ አያፍርም፤ ሲወድቅ እናቱን ይጠራል፤ ጠዋት ከተጣላው ጓደኛው ጋር ከሰዓት በኋላ አብሮ ይጫወታል እንጂ ቂም አይዝም። ትልልቆችም ከእናንተ ሊማሩት የሚገባው ይህን ነው።

ሳሪስ የምትኖሩ ልጆች «ሳሪስ አቦ» የሚለውን ስም ዘወትር ትሰማላችሁ። «አቦ» የተባሉት ጻድቁ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ናቸው። በግእዝ «አቡነ» አባታችን፥ «ገብረ መንፈስ ቅዱስ» ደግሞ የመንፈስ ቅዱስ አገልጋይ ማለት ነው። እኛ አባት የምንላቸው ጻድቅ ስማቸው አገልጋይ ነው!

ከሳሪስ በስተደቡብ፥ ከደብረ ዘይት ወዲያ፥ ጻድቁ የጸለዩበት የዝቋላ ተራራ ይገኛል። ሥዕላቸውን ስታዩ አንበሶችና ነብሮች በአጠገባቸው ናቸው፤ አንዲት ወፍም ከዐይናቸው እንባ ትጠጣለች። ገድላቸው እንደሚነግረን ወፊቱ በውኃ ጥም ስትጨነቅ አይተው ራርተውላት ነው።

በጸሎተ ሐሙስም ካህናት በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር በማጠብ የሰጠውን ምሳሌ ይከተላሉ (ዮሐ. 13፥1-15)።

እኛስ? ፊደል የሚቆጥር ታናሽ ልጅ ሲሳሳት እንስቅበታለን? ከበሮውን እኔ ልምታ እያልን እንጣላለን? የተሳቀበት ልጅ አፍሮ ከትምህርቱ ሊቀር ይችላል። ታላቁ አባት የትንሿን ወፍ ጥም ካዩ፥ እኛ የታናሽ ወንድማችንን ኀፍረት እንዴት አናይም? ትሕትና የሚያውቁትን መደበቅ አይደለም፤ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ፊደሉን ማሳየት ነው።

መልመጃ
1. ጌታችን በደቀ መዛሙርት መካከል ማንን አቆመ? ለምን?
2. «ገብረ መንፈስ ቅዱስ» ማለት ምን ማለት ነው?
3. በዚህ ሳምንት ከእናንተ የሚያንስ አንድ ልጅ በምን ትረዳላችሁ?