ጥቁር አፈር ትንፋሽ ሲያጥረው

በጁባ ዙሪያ የሚኖረው የባሪ ሕዝብ ከብት አርቢና ማሽላ ዘሪ ነው። በዚያ አገር ዝናም የሚዘንበው ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ሲሆን፣ የዓመቱ መጠን ወደ 950 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ዳሩ ግን ከአንድ ሰማይ የወረደው ዝናም በየማሳው አንድ ዓይነት ሥራ አይሠራም። በስተ ምዕራብ ብረት አዘል የሆነው ቀይ አምባ አለ፤ በስተ ሰሜንና በስተ ምሥራቅ ደግሞ ውሃ የሚተኛበት የጥቁር ጭቃ ሜዳ ተዘርግቷል። የዚህ ልዩነት ምክንያት በአፈር ውስጥ ያሉት ረቂቅ ቀዳዳዎች ናቸው።

መልካም የእርሻ አፈር ግማሽ ያህሉ ጠጣር፣ ግማሽ ያህሉ ባዶ ስፍራ ነው። ይኸን ባዶ ስፍራ ውሃና አየር ይካፈሉታል፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ደረቅ ጓል ውሃ በሞላበት ብርጭቆ ውስጥ ቢጥሉ አረፋ ሲወጣ ይታያል፤ ይኸውም ስፍራውን የለቀቀው አየር ነው። ዝናሙ ሲያባራ በሰፋፊዎቹ ቀዳዳዎች ያለው ውሃ በክብደቱ ወደ ታች ይወርድና በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ አየር ይተካዋል። በጠባቦቹ ያለው ግን የኩራዝ ፈትል ላምባውን እንደሚይዝ ተይዞ ይቀራል፤ አዝመራው በደረቁ ቀን የሚጠጣው ይኸንኑ ነው።

በጥቁሩ ጭቃ ግን ነገሩ ይለያል። በበጋ አፈሩ ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያውም ዝናም በስንጥቁ ፈጥኖ ይገባል። ከዚያ በኋላ ጭቃው ያብጥና ስንጥቁን ይደፍነዋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ውሃ መግቢያ አጥቶ ከላይ ይተኛል። ኦክሲጅን በውሃ ውስጥ ሲሰራጭ በአየር ውስጥ ከሚሰራጭበት ፍጥነት 10,000 ጊዜ ያህል ስለሚዘገይ ሥሩ ይታፈናል፤ ናይትሮጅኑም ጋዝ እየሆነ ይበናል፤ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ገበሬው «ውሃ በዛበት» ይላል። በእኛ አስተያየት «አየር አነሰው» ቢባል ይሻላል፤ ሕክምናው የሚገኘው ከዚህ ነውና። ማሽላ ይኸን መከራ ከበቆሎ ይልቅ ይታገሣል፤ ኦቾሎኒ ግን ልል አፈር ይፈልጋል።

ይኸው መሬት መረሬ ወይም ዋልካ እየተባለ በኢትዮጵያም በሰፊው ይገኛል። ብዙው ገበሬ ክረምቱን ጦም አሳድሮ ዝናሙ ሊያበቃ ሲል ይዘራል፤ በዚህም የወራት ዝናም ያለ ሥራ ያልፋል። በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች ግን ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ አፈሩን በእጅ እየዛቀ ከፍ ያለ መደብ ይሠራል፤ ትርፉ ውሃ በቦዩ ይወርዳል፣ መደቡም ይተነፍሳል። በ1980ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማእከል ከሌሎች ጋር ሆኖ፣ ይኸንኑ ሥራ በጥንድ በሬ የሚያከናውን መሣሪያ ከባህላዊው ማረሻ አወጣ። መደቡ 80፣ ቦዩ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል።

ቦዩ መውጫ ሊኖረው ይገባል፤ አለበለዚያ ውሃው ወደ ጎረቤት ማሳ ይዞርና ጠብ ያስነሣል። ርጥቡን ጭቃ ማረስም ሰፋፊዎቹን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ከማረስ በፊት አንድ ጭብጥ አፈር ከሥር ወስዶ በመዳፍ ማሸት ነው፤ እንደ ገመድ ከተጠቀለለ በሬዎቹ ጥቂት ቀን ይረፉ።