ከሽልሻሎ እስከ ወፍ ጥበቃ

የ12ኛ ክፍል ፈተና ሐምሌ ላይ ያልቃል። ውጤት የሚሰማው መስከረም ገደማ ነው፤ ምደባና ጥሪ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። በራያ ቆላ እነዚህ የማሽላ ወራት ናቸው። ልጁ ተፈትኖ ሲመለስ ማሽላው ለሽልሻሎ፣ በቡቃያው መሀል በበሬ ለሚደረገው እርሻ፣ ደርሶ ይቆየዋል፤ ዩኒቨርሲቲ ሲጠራው ደግሞ ዘለላው ፍሬ ይዞ ወፍ እየተጠበቀ ነው። ብዙ ወላጅ ይህን ጊዜ «ቁጭ ያለበት» ይለዋል። እኔ ግን የምርት ዲዛይን መማር ለሚያስብ ልጅ ከዚህ የተሻለ መሰናዶ አላውቅም።

ሙያዬ ኢንዱስትሪያል ዲዛይን ነው። ቆቦ ውስጥ የእርሻ መሣሪያ የምንሠራበትና የምንጠግንበት ወርክሾፕ አለን። ክረምት በመጣ ቁጥር ውጤት የሚጠባበቁ ልጆች ይመጣሉ። አንዳንዱ ብየዳ ለመልመድ፣ አንዳንዱ ሥዕል ስለሚወድ፣ አንዳንዱም ቤት መዋል ሰልችቶት ነው። ሁሉንም የማስጀምራቸው ከአንድ ቦታ ነው፦ ሞፈርና ቀንበሩን ሳታዩ ሳሉልኝ እላቸዋለሁ።

ቀላል ጥያቄ ይመስላቸዋል፤ ከበሬ ኋላ ያደጉ ልጆች ናቸውና። ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ግን ሌላ ነው። ሦስት ሜትር ገደማ የሚሆነው ሞፈር ከበሬው ቁመት አጥሮ ይመጣል። አፈሩን ግራና ቀኝ የሚገፉት ድግሮች እርፉ ላይ ተለጥፈው ይገኛሉ። ወገል ከነጭራሹ የለም፤ ብረቱን ከእንጨቱ ጋር ምን አስሮ እንደያዘው ማንም አልጠየቀም። በየቀኑ ያዩትን ነገር አንድም ቀን አልተመለከቱትም። ከዚያ ማሳ ወርደን፣ ሜትርና ደብተር ይዘን፣ መሣሪያው ሥራ ላይ እያለ እንደገና እንስላለን።

ባለፈው ክረምት አንዲት ተማሪ ሽልሻሎ ላይ ካሉ አዛውንት ዘንድ ቆማ ስትስል አባት በሬዎቹን አቁመው ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስረውን ምራን ፈቱና ሞፈሩ ላይ ወደ ኋላ መልሰው አሰሩት። «አባ፣ ለምን ወደ ኋላ መለሱት?» አለቻቸው። «አየሽ ልጄ» አሏት፣ «ስንገምስ ጠለቅ ማለት አለበት። ዛሬ ከጠለቀ ግን የማሽላውን ሥር ይበጥሰዋል። አፈሩን ገፋ፣ አረሙን ነቀል አድርጎ ይለፍ።» ልጅቷ ማታውን ሁለት ሥዕል ሠራች። በአንደኛው ምራኑ ወደ ፊት ታስሯል፤ ሞፈሩ ጋደም ይላል፣ የማረሻው ጫፍ ወደ ታች ያዘነብላል። በሁለተኛው ወደ ኋላ ታስሯል፤ ሞፈሩ ቀና ሲል ጫፉም ቀና ይላል። ማዕዘኖቹን በፕሮትራክተር ለካቻቸው። ለፈተና ስታጠናው የከረመችው ትሪጎኖሜትሪ ነው፤ አባትየውም በአንድ ቁራጭ ጠፍር የሚሠሩት እሱኑ ነው። ለእኔ የዲዛይን ትምህርት የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚጠብቃትን የመጀመሪያ ዓመት እንይ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የፍሬሽማን ዓመት ተመልሷል። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሲሆኑ ደግሞ ሌላ መሰናዶ ታከለበት፤ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው ሪሜዲያል። የ2017 ዓ.ም. ፈተና ላይ ማለፊያ ያመጡት 8.4 ከመቶ ደርሰዋል፤ አሁንም ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ብዙዎቹ በዚሁ በር ያልፋሉ። ሪሜዲያልን አልነቅፍም። በሰሜን ወሎ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ትምህርት የተቋረጠበትን፣ ትምህርት ቤቱ የተዘረፈበትን ልጅ «ለምን አልበቃህም?» ማለት አይቻልም፤ ሌላ ዕድል ይገባዋል።

ቅሬታዬ በይዘቱ ላይ ነው። በተፈጥሮ ሳይንስ በኩል ሪሜዲያል ማለት እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ነው፤ ያው የሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ተጨምቆ ይደገማል። ፍሬሽማን ሰፋ ይላል። ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ አለ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ አለ፣ ሥነ ልቦና አለ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ የሚባልም አለ። መልካም ትምህርቶች ናቸው። ነገር ግን ከእነዚህ የጋራ ኮርሶች አንዱም እርሳስ አስይዞ የሚያስቀምጥ፣ ጣውላ የሚያስቆርጥ፣ ወይም ሰው ዕቃውን እንዴት እንደሚይዘው ቆሞ የሚያሳይ አይደለም። ልጁ ዲዛይን ትምህርት ክፍል ሲደርስ እጁ ከአንድ ዓመት በላይ ሥራ ፈትቶ ነው።

ዲዛይንን ትምህርት ያደረጉት ሰዎች የመጀመሪያውን ዓመት እንዲህ አላዩትም። ጀርመን ቫይማር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1919 የተከፈተው ባውሃውስ ማንኛውም ተማሪ ወደ ወርክሾፕ ከመግባቱ በፊት መሰናዶ ኮርስ እንዲወስድ ያደርግ ነበር። ኮርሱን ያስጀመረው ዮሐንስ ኢተን ነው። ኋላ የመጣው ዮሴፍ አልበርስ ደግሞ ለተማሪዎቹ ወረቀት ይሰጥና ያለ ብክነት፣ የወረቀቱን ባሕርይ አክብረው አንድ ነገር እንዲያቆሙበት ይጠይቅ ነበር። ለእኛ የሚቀርበው ግን የሕንዱ ነው። አሜሪካውያኑ ቻርልስና ሬይ ኢምስ እ.ኤ.አ. በ1958 ለሕንድ መንግሥት ባቀረቡት ሪፖርት፣ ካዩት ዕቃ ሁሉ አስበልጠው ያደነቁት ሎታ የሚባለውን ተራ የውሃ ዕቃ ነው። ወገብ ላይ ወይም ራስ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ሲሞላና ሲጎድል ሚዛኑ እንዴት እንደሚሆን፣ ለመያዝ፣ ለመቅዳት፣ ለማጠብ ምን እንደሚመች አንድ በአንድ ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ1961 አህመዳባድ ውስጥ የተቋቋመው ብሔራዊ የዲዛይን ተቋም የዚያ ሪፖርት ልጅ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቹ ዛሬም በፋውንዴሽን ዓመት ይጀምራሉ፤ በዚያም ውስጥ ገጠር ወርዶ የሰውን ኑሮ ማየት ራሱን የቻለ ኮርስ ነው።

እኛ አገር እንዲህ ያለው ትምህርት መቅረቱ ምን እንደሚያስከፍል የእርሻ መሣሪያ ታሪካችን ይናገራል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፉ የአፍሪካ ከብት እርባታ ማዕከል ሁለት ማረሻ አጣምሮ ለጥቁር አፈር መደብ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ። ሐሳቡ ግሩም ነበር፤ ውሃ የሚያቁረውን መረሬ አጠንፍፎ ቀድሞ ለመዝራት ያስችላል። ገበሬው ግን ከበደን፣ ለመሸከምም አልመች አለን አለ። ሞፈሩንና ማረሻውን በትከሻው ተሸክሞ ማሳ የሚወርድና ማታ ተሸክሞ የሚመለስ ሰው ነው። መሣሪያው ማሳ ላይ ስለሚሠራው ሥራ ብዙ ታስቧል፤ ከቤት እስከ ማሳ ስላለው መንገድ ግን እኩል አልታሰበም። ኋላ ላይ የቀለሉ ዓይነቶች ተሠሩ። እኔ ለልጆቹ ይህን ስነግራቸው መሐንዲሶቹን ለማሳነስ አይደለም፤ ትልቅ ሥራ የሠሩ ናቸው። መንገዱም የዕቃው አካል መሆኑን እንዲያውቁልኝ ነው።

መስከረም ሲጠባ ሁለተኛውን ሥራ እንጀምራለን፤ ማማ መለካት። አራት ባላ፣ ርብራብ፣ ከላይ ትንሽ ጥላ፣ ልጁ፣ ወንጭፉ፣ የጠጠር ክምሩ። ማማው ለምን ይህን ያህል ረዘመ? ደጋሌት የሚባለው ረጅሙ ማሽላ ሰው ይሰውራልና ጠባቂው ከዘለላው በላይ ማየት አለበት። ከዚህ ተነስተን ወደ ራሱ ወደ ማሽላው እንገባለን። እንደ ጎብዬና አብሽር ያሉት፣ አቀንጭራን ለመቋቋም የተመረጡት ዝርያዎች አጫጭርና ፈጥነው የሚደርሱ ናቸው። ዝናብ ላጠረበት ቆላ በረከት ነው። ነገር ግን የጎረቤቱ ማሽላ ገና እሸት ሳይሆን ቀድሞ የደረሰ ማሳ የአገሩን ወፍ ሁሉ ይጠራል፤ አገዳውም ስለሚያንስ ከብቱ ይከፋዋል፣ ማገዶውና የቤት መሥሪያው ይጎድላል። ገበሬው ረጅሙን የአገር ዝርያ አልለቅም ሲል «አዲስ ነገር አይቀበልም» ይባላል። ደብተሯ ላይ አገዳው የሚሄድበትን ሁሉ በቀስት ያሰፈረች ልጅ ግን እንዲህ አትልም። ከእህሉ አንድ ቀስት፣ ከአገዳው አራት ቀስት ወጥቶላት ነበር።

ወላጆች የሚጠይቁኝ «ይህ የት ያስገባል?» ብለው ነው፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ አለ ፈለገሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱትና ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ኢንዱስትሪያል ዲዛይን ያስተምራል። የመግቢያ የተግባር ፈተና ስላለው እጅ ሳያለማምዱ መሄድ ከንቱ ድካም ነው፤ ከቆቦ ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። ቅርቡን ለሚሻ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መካኒካል ምሕንድስና አለው፤ ባሕር ዳር ደግሞ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ተቋሙ ፋሽን ዲዛይን ይሰጣል። መካኒካል የገባ ልጅ ዲዛይን አመለጠኝ ብሎ አይዘን። የማሽን አካል ስሌትን በደንብ የያዘና የሰው እጅ ማየት የለመደ ባለሙያ እንደ እኛ ወርክሾፕ ባለ ቦታ በጣም ይፈለጋል።

የዩኒቨርሲቲ ሰዎችን የምጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ከዚህ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም በዚያው መሥመር ከወልድያ ብዙም አይርቅም። ለፍሬሽማን ተማሪ በሴሚስተሩ ውስጥ አንዲት የልኬትና የሥዕል ኮርስ፣ ከእሷም ጋር ጥቂት የማሳ ቀናት ቢመደቡ ማስተማሪያው አጠገብ አለ። የሚያስፈልገው እርሳስ፣ ሜትር፣ ሚዛንና ጥያቄ ሲጠየቁ ደስ የሚላቸው አባቶች ናቸው፤ አባቶቹ በየቀበሌው ሞልተዋል።

የዘንድሮዎቹ አሁን ጀሪካን ላይ ናቸው። ሃያ ሊትር ውሃ ሃያ ኪሎ ነው፤ ተሸካሚዋ ብዙ ጊዜ ሴት ልጅ ናት፤ ማዘያው ገመድ ደረቷ ላይ የሚያርፈው የት እንደሆነ ከቦኖ ጀምሮ እየተከተሉ ይስላሉ። ሁለቱ ወንዶች ተሸክመው እንዲሄዱ ስነግራቸው መጀመሪያ አፍረው ነበር። ከተመለሱ በኋላ ያመጡት ንድፍ ገመዱን አስፍቶ ክብደቱን ወደ ዳሌ ያወርደዋል፤ ቋጠሮው ግን በአንድ እጅ አይፈታም፤ ተሸካሚዋ ልጅም ይህን ነግራቸዋለች። ሰኞ ሌላ ቋጠሮ ይዘው ይመጣሉ።